ጸጥ ያለ ጠረፍ ለዋሲሁን

ኩታበር፣ ጥቅምት 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእኅቴ ልጅ ለዋሲሁን፣
ሳብያ፣ ዐረብ አገር

ይህን ደብዳቤ ለመጻፍ ብዕር ያነሣሁት አንድ ጉዳይ በቁርጥ ለመወሰን ነው፤ ይኸውም ከትኩሳትህ በኋላ የምታርፍበትን የባሕር ጠረፍ ለመምረጥ ነው። ሰላምታዬን ወደ ታች አውርጄዋለሁ፤ የመጣበትን ጉዳይ ሳያስታውቅ አንድ ገጽ በሰላምታ የሚሞላ ሰው ለራሱ እንጂ ለአንባቢው አይጽፍም ብዬ ዕድሜዬን ሙሉ አስተምሬአለሁ፤ ጡረታ ወጣሁ ብዬ አልለውጠውም።

እግዚአብሔር ከክፉ አየርና ከክፉ ውኃ ይሰውርህ። እኛ ደኅና ነን። እናትህ ጥሩዬ ጉልበቷን ከሚቆረጥማት በቀር ጤነኛ ናት፤ በየማለዳው «ዛሬስ ከልጁ ምን ተሰማ» ትለኛለች፤ እኔም የሌለኝን ወሬ ፈጥሬ አልነግራትም።

በመስቀል ማግሥት ወደ ጎረቤታችን ወደ ዘይነብ ስልክ የላክኸውን የድምፅ መልእክት ሰማሁ። የድምፅ መልእክት እንደማልወድ ታውቃለህ፤ ሰው ሲናገር የሚያስበው ግማሹን ነው። ከሰማሁት የተረዳሁት ይህ ነው፦ በትኩሳት ተይዘህ ሰንብተህ ተነሥተሃል፤ አሠሪህ አቡ ጣሂር «ወደ እርሻው አትመለስ፤ በባሕሩ ጠረፍ ሁለት ማረፊያ ቤቶች አሉኝ፣ ወደ አንዱ ሄደህ ጉልበትህ እስኪመለስ ተቀመጥ» ብሎሃል፤ አንተም የትኛው እንደሚሻል አጎትህን አማክረሃል። ማማከርህ ደስ አሰኝቶኛል። የእርሻ መጋዘን ተቆጣጣሪ ታምሞ ሲነሣ በባሕር ጠረፍ እንዲያርፍ የሚፈቅድ አሠሪም የተከበረ ሰው ነውና ምስጋናዬን አድርስልኝ።

ነገር ግን ባሕር በሥዕል እንደሚታየው አይደለም። እኛ የደጋ ሰዎች ነን። አባቴ ለአዝመራ ቆላ ሲወርዱ ፀሐይ ሳትጠልቅ ሽቅብ ይመለሱ ነበር፤ የመሸበት ሰው ቢኖር እንኳ ከወንዝ ርቆ ከጉብታ ላይ ያድራል እንጂ ውኃ አጠገብ አይተኛም። «ቆላ ብላ፣ ደጋ እደር» ይሉ ነበር። ይህን ሕግ ያልጠበቁት ንዳድ ወሰዳቸው። ስለዚህ ጸጥታና ነፋስ ብቻ ዓይተህ አትወስን። የሁለቱን ማረፊያዎች አቀማመጥ ጻፍልኝ፤ በአጠገባቸው የቆመ ውኃ መኖሩን፣ የቅርቡ ሐኪም ቤት ምን ያህል እንደሚርቅ፣ አጎበር መኖር አለመኖሩን ግለጽልኝ። ከሁሉ በፊት ግን ደምህ ሲመረመር ምን ተገኘ? የበሽታው ስም ሳይታወቅ የማረፊያው ስም አይመረጥም።

ይህን ወረቀት ዘይነብ በስልኳ አንሥታ ትልክልሃለች። አንተም በወረቀት ጻፍና አንሥተህ ላክ።

አጎትህ ሞላልኝ


ሳብያ፣ ጥቅምት 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ አጎቴ ለአቶ ሞላልኝ፣
ኩታበር

ጤናዎ እንደ ተራራው ጸንቶ እንዲገኝ እየተመኘሁ ይህን መልስ እጽፋለሁ። ለእናቴ ለጉልበቷ የሚሆን ቅባት ከዚህ ሰው ሲመጣ እልካለሁ። እኔ አልሐምዱ ሊላህ፣ ማለቴ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ድኛለሁ ኸላስ።

ትኩሳቱ እንዲህ ነበር። መጀመሪያ ከዓይኖቼ ኋላ አመመኝ፤ ዓይኔን ማዞር አቃተኝ። ቀጥሎ አጥንቴን በመዶሻ የሚመታኝ ሰው ያለ መሰለኝ። የዘይነብ ልጅ ሪድዋን አብሮኝ ስለሚኖር እሱ ነው ያስታመመኝ። «አንተ ሰውዬ፣ እንዲህ ስትንቀጠቀጥ አልጋው ተነሥቶ ሳምጣ ከተማ ደረሰ፤ ያላ መልሰው፣ ኪራዩ እኔ ላይ ነው» እያለ ያሥቀኝ ነበር። የፓፓያ ቅጠል ጨምቆ አጠጣኝ። ከመራራነቱ የተነሣ በሽታው ራሱ ተጸይፎ የወጣ ይመስለኛል።

አሁን ስለ ማረፊያዎቹ። እዚህ እንዲህ ያለውን ቤት ኢስቲራሃ ይሉታል፤ ሀብታሞች ብርድ ሲገባ ቤተሰብ ይዘው ለጥቂት ቀን የሚያርፉበት ግቢ ነው። አንዱ በስተሰሜን ነው። ከመጨረሻው ነዳጅ ማደያ አልፎ የአሸዋ መንገድ ይኬዳል፤ ከዚያ በኋላ ባሕርና ሰማይ ብቻ ነው። ነፋሱ ቀኑን ሙሉ ይነፍሳል። ጎረቤት የለም። ሐኪም ቤቱ ሩቅ ነው፤ በመኪናም ቢሆን ይርቃል። ሁለተኛው ከሳምጣ በታች፣ በደቡብ ጠረፍ ነው። እዚያ ዛፎቹ ባሕሩ ውስጥ ቆመው ይበቅላሉ፤ ሥሮቻቸው ጭቃ ውስጥ ናቸው፤ ወፍ ይበዛል፣ ቢምቢም ይበዛል ይላሉ። ከተማው ቅርብ ስለሆነ ሐኪም አለ። ግን መንገዱ ላይ ፍተሻ ይበዛል፤ ጊዜ ያባክናል።

እኔ ልቤ ወደ ሰሜኑ ያደላል። ከሁሉ የምወደው፣ ሰው የማይደርስበት መሆኑን ነው። እርስዎ ምን ይላሉ? አቡ ጣሂር ቶሎ ወስን ብሎኛል፤ ዳማድ ያለው እርሻው ላይ የማንጎ ዛፎች ውኃ የሚጠጡበት ወቅት ስለሆነ ትርፍ አልጋ የለም።

ታዛዥ ልጅዎ ዋሲሁን


ኩታበር፣ ጥቅምት 26 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለዋሲሁን፣

ጤናና ማስተዋል ከአንተ አይራቁ። ደብዳቤህን ሁለት ጊዜ አነበብሁ፤ ስለ ነፋሱ፣ ስለ ወፉና ስለ ዛፉ በሚገባ ገልጸሃል። ስለ ደምህ ምርመራ ግን አልመለስህም። መርሳት ነው ብዬ አልፌዋለሁ።

«ኸላስ» የሚለውን ቃል በሌላ ጊዜ ባላየው ደስ ይለኛል። «ድኛለሁ» ካልህ አብቅቷል፤ ማብቃቱን ደግሞ መናገር አያስፈልግም።

ጉዳዩን ለመንገሻ አቀረብሁለት። ወጣት በነበረበት ጊዜ ለወባ ማጥፊያ ተቀጥሮ ቆላውን በርጭት ያዳረሰ ጓደኛዬ ነውና ይጠቅማል ብዬ ነበር። ቤቴ መጥቶ መነጽሩን በደረቱ ካንጠለጠለ በኋላ «ሰሜኑ ነው እንጂ፣ ምን ያጠራጥራል! ጨው ባለበት ትንኝ አይፈለፈልም» አለ።

«ሰውየው የሚጠጣው ግን ጨው አይደለም፤ ጣፋጭ ውኃ ያጠራቅማል» አልሁት።

«ሞላልኝ፣ አንተ ከሐይቅ በቀር የምታውቀው ባሕር የለም። ሐይቅንም ያየኸው በአውቶቡስ መስኮት ነው።»

«በእግሬ ነው ያየሁት።»

«በእግርህ የምታይ ከሆነማ መነጽር ለምን ገዛህ?»

እናትህ ከጓዳ ሆና ሣቀች፤ ከተሣቀ ብዙ ጊዜ ሆኖታልና አልተቆጣሁም። ነገር ግን የእሱን ቃል ብቻ አልተቀበልሁም፤ ወደ ጤና ጣቢያው ወርጄ ነርሷን ጠየቅኋት። ከዓይን ኋላ የሚያም፣ አጥንት የሚሰብር ትኩሳት ወባ ላይሆን ይችላል፤ ደንጊ የሚሉት ሊሆን ይችላል አለችኝ። የዚህኛው ትንኝ የሚናከሰው በቀን ነው፤ የሚፈለፈለውም በንጹሕ ውኃ ነው፤ በበርሜል፣ በባልዲ፣ በአበባ ማስቀመጫ። አንድ ጊዜ የያዘው ሰው ሁለተኛ ቢይዘው ከመጀመሪያው የባሰ ይሆንበታል፤ ደም እስከ ማፍሰስ ይደርሳል። እንግዲህ የደምህ ምርመራ ለምን እንደሚያስፈልግ ገባህ?

ስለዚህ ሁለቱንም ማረፊያዎች አልመረጥሁም። ደቡቡ ጭቃ ነው፤ ሰሜኑ ከሐኪም ይርቃል። የዘይነብን ስልክ አስከፍቼ ካርታውን አየሁ። ከወደብ ከተማው ፊት ለፊት፣ በባሕሩ መካከል ፈረሳን የሚባሉ ደሴቶች አሉ፤ መርከብ ይመላለሳል፣ ሐኪም ቤት አለ፣ ነፋስ አለ፣ ጸጥታም አለ። ይህ አንደኛ ምርጫዬ ነው። ይህ የማይመች ቢሆን ባሕሩን ተወው፤ ከጠረፉ ወደ ምሥራቅ ፈይፋ የሚባል ተራራ አለ፤ እርከን የተሠራለት፣ ደመና የሚያርፍበት፣ ቡና የሚበቅልበት ነው ይላሉ። ሥዕሉን ሳየው ኩታበር መሰለኝ። ቀን ባሕሩን እየው፤ ማደሪያህ ግን ከፍታ ላይ ይሁን። ይህ የአባቶችህ ሕግ ነው።

እናትህ እንዲህ ብለህ ጻፍ ብላኛለች፦ «ዓሣ ይብላ፤ ባሕሩ ውስጥ ግን አይግባ። እግሩን እንኳ አይንከር።»

ሞላልኝ


ከሰሜኑ ጠረፍ፣ ኅዳር 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ አጎቴ፣

ዕድሜና ክብር ከእርስዎ ጋር ይሁን። መልሴ በመዘግየቱ ይቅርታ እጠይቃለሁ። እዚህ ስልክ የሚሠራው የአሸዋውን መንገድ በእግር ሄደው ወደ አስፋልቱ ሲቀርቡ ነው፤ እኔ ደግሞ ወደ አስፋልቱ መውጣት አላበዛም።

እንግዲህ ሳይፈቅዱልኝ ሰሜኑን መርጫለሁ። ደሴቱ ለእኔ አይመችም፤ መርከቡ ላይ ለመሳፈር ብዙ ነገር ይጠየቃል፣ ሰልፉም ረጅም ነው። ስለ ተራራው ግን አንድ ነገር እለምንዎታለሁ፦ እባክዎ ደግመው አይጻፉልኝ። ደመናው ቆንጆ ነው። ቆንጆነቱን አውቃለሁ። እዚያ አልወጣም።

ጠረፉ እንደተባለው ጸጥ ያለ ነው። ባሕሩ በጠዋት እንደ ብርጭቆ ይተኛል፤ ከቀትር በኋላ ነፋሱ ይነሣና አሸዋው በበሩ ሥር ይገባል። እኔ እጠርጋለሁ፤ እሱ ይገባል። ሌላ የሚናገረኝ የለም። እዚህ የመጣሁ ሰሞን ከሥራ በኋላ ሰውነቴ ሲያርፍ እንቅልፍ ይወስደኛል ብዬ አስቤ ነበር፤ ግን ዝም ሲል ሁሉም ነገር ይሰማል። የመኪና ድምፅ ከሩቅ ከመጣ ተነሥቼ እቆማለሁ። ግቢው ሁለት በር አለው፤ አንዱ ወደ ባሕሩ ይከፈታል፣ አንዱ ወደ መንገዱ። ፍራሼን ከባሕሩ በር አጠገብ አድርጌዋለሁ፤ ቀን ቀን ግን የምቀመጠው ፊቴን ወደ መንገዱ አድርጌ ነው።

ነርሷ ያለችውን ፈጽሜአለሁ። ግቢው ውስጥ ብዙ የረጋ ውኃ አገኘሁ፤ መዋኛ ገንዳው አረንጓዴ ሆኖ ነበር፣ ከአየር ማቀዝቀዣዎቹ የሚንጠባጠበው ውኃ ቆርቆሮ ሞልቶ ነበር፣ ልጆች የጣሏቸው ባልዲዎች ነበሩ። ሁሉንም ደፋሁ። አንድ የቀረኝ ኸዛኑ ነው፤ ከጣሪያው ላይ ያለው የውኃ ማጠራቀሚያ። ክዳኑ ተሰብሯል። እሱን ልደፋው አልችልም፤ የምጠጣው ከእሱ ነው።

ለእናቴ ጥቂት ገንዘብ በዘይነብ በኩል ልኬአለሁ። ለጉልበቷ ነው። ሪድዋን ሰላምታዬ ይድረሳችሁ ብሏል፤ ሳብያ ያለው ሐራጅ ላይ፣ የቀን ሠራተኛ በሚለቀምበት ቦታ፣ ሥራ አለ ብሎኛል።

ዋሲሁን


ኩታበር፣ ኅዳር 27 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለዋሲሁን፣

ሰላም ለአንተ ይሁን። ምክር ጠይቀህ ምክሩን መተውህን እንደ ነውር አልቆጥረውም፤ ሰው ካደገ በኋላ የራሱ ነው። ምክንያቱን መደበቅህን ግን እንደ ነውር እቆጥረዋለሁ።

በደብዳቤህ ውስጥ እርስ በርሳቸው የማይስማሙ ነገሮች አሉ። ለዕረፍት የሄደ ሰው አሸዋ ይጠርጋል? ባሕር ሊያይ የሄደ ሰው ፊቱን ወደ መንገድ አድርጎ ይቀመጣል? በመርከብ ለመሳፈር የሚጠየቀው ብዙ ነገር ምንድን ነው? ከዚህ በኮንትራት፣ በአውሮፕላን የሄደ ሰው ሊያቀርበው የማይችለው ምን አለ? እኔ የምጠይቀው ለማፋጠጥ አይደለም። ሳነብ አንድ አረፍተ ነገር በሌላው ላይ ካልተቀመጠልኝ ዕረፍት አጣለሁ፤ ይህ ልማዴ ነው። ሰሞኑን እናትህ «ምን ሆነህ ነው የምትመላለሰው?» ትለኛለች።

ደምህን ለሦስተኛ ጊዜ እጠይቃለሁ። ምን ተገኘበት? የት ተመረመርህ?

ስለ ኸዛኑ መንገሻን አማከርሁት። ዘንድሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀልድ ሳይጨምር መለሰልኝ፦ ክዳን ከሌለ አጎበር አፉ ላይ ወጥሮ ማሰር፤ ውኃው ይተነፍሳል፣ ትንኟ ግን አትገባም አትወጣም። ይህን ሳትውል ሳታድር ፈጽም።

ገንዘቡ ደርሷል፤ እናትህ መርቃሃለች። እኔ ግን የጠየቅሁህ ገንዘብ አይደለም። ተራራውን አላነሣም፤ ለምን እንዳላነሣ እንደተከለከልሁ ግን አንድ ቀን ትነግረኛለህ ብዬ እጠብቃለሁ።

ሞላልኝ


ከሰሜኑ ጠረፍ፣ ታኅሣሥ 27 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ አጎቴ፣

እንኳን ለጌታችን ልደት በሰላም አደረሰዎ፤ ከመድረሱ በፊት ብጽፍም ከደረሰ በኋላ ሊያገኝዎ ይችላል። የእጅ ጽሑፌ ስለተበላሸ ይቅርታ፤ ወረቀቱን የያዝሁት በጉልበቴ ላይ ነው።

ያዘዙኝን ፈጽሜአለሁ። አጎበር የነበረኝ አንድ ብቻ ነው፤ ከፍራሼ ላይ አንሥቼ ኸዛኑ አፍ ላይ አስሬዋለሁ። ቆንጆ ሆኖ ተወጥሯል፤ መንገሻን ያመስግኑልኝ።

ብርድ ስለገባ ጠረፉ ጸጥታው ቀርቷል። ቤተሰቦች መጥተው ነበር፤ ገንዳውን ሞልተው ልጆቹ ዋኙ፣ ሥጋ ጠበሱ፣ ሲሄዱ እኔ አጸዳሁ። በመካከሉ ትኩሳቱ ተመለሰብኝ። አንዲት አሮጊት እንግዳ ሻይ ሳቀርብላቸው እጄ ሲንቀጠቀጥ አይተው «ያ ወለዲ፣ ልጄ፣ ሐኪም ቤት፣ ሐኪም ቤት» አሉኝ። «ነገ እሄዳለሁ» አልኋቸው። በማግሥቱም ተቀምጠው ስለነበር «ነገ መቼ ነው?» አሉኝ። አቡ ጣሂር ሲሰማ ተቆጣ፤ «ወይ ዳን፣ ወይ ሂድ፤ እዚህ እንዳትሞትብኝ፣ እኔን ማን ነው ብለው ይጠይቁኛል» አለ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ሩዝና ውኃ አስቀምጦልኝ ሄዷል።

አሁን እንግዶቹ ሄደዋል። ደኅና ነኝ ማለት ይቻላል። ትኩሳቱ ትናንት ቀዝቀዝ ብሎልኛል። ጥርሴን ስፍቅ ድዴ ይደማል፤ መፋቂያው ሸካራ ሆኖ ይመስለኛል። ክንዴ ላይ ትንንሽ ቀያይ ነጠብጣቦች ወጥተዋል፤ ሙቀት ነው።

አንድ ነገር ላስቸግርዎ። ከኩታበር ፋርማሲ የወባ ክኒን ገዝተው ወደዚህ በሚመጣ ሰው እጅ ቢልኩልኝ። ሰው ካልተገኘም ዘይነብ መንገድ ታውቃለች። ሪድዋን ነበር እንዲህ ያለውን የሚያገኝልኝ፤ ግን ስልኩ ከተዘጋ ሰነበተ። ምናልባት ሥራ በዝቶበት ይሆናል።

ለእናቴ አይንገሯት። አሁን ግቢው እንደገና ጸጥ ብሏል። ፊቴን ወደ መንገዱ ማድረጉንም ትቼዋለሁ፤ ተኝቼ ስለምውል ባሕሩ ነው የሚታየኝ።

ዋሲሁን


ኩታበር፣ ሐሙስ፣ ጥር 1 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለዋሲሁን፣

ይህን የምጽፈው ከዚህ ቀደም የመረጥሁልህን ማረፊያ ሁሉ ሰርዤ፣ የምትሄድበትን አንድ ቦታ ብቻ ላስታውቅህ ነው። ደብዳቤህ የደረሰኝ ትናንት ነው፤ ኔትወርክ ጠፍቶ ነበር። ሰላምታ አልጨምርም።

ክኒኑን ገዝቻለሁ። በኪሴ ነው። አልልከውም።

ደብዳቤህን ይዤ ጤና ጣቢያ ሄጄ ስለ ድዱና ስለ ነጠብጣቡ ለነርሷ አነበብሁላት። ወንበሯን ወደ እኔ ጎተተችና «ጋሼ፣ ይህ ልጅ የት ነው ያለው?» አለችኝ። የወባ ክኒን ለዚህ አይሆንም አለች። አስፕሪን የሚባል እንዳይቀምስ፣ ሌላም የሕመም ማስታገሻ ሐኪም ሳያዝለት እንዳይውጥ አለች። ትኩሳቱ ቀዝቀዝ ማለቱን እንደ መልካም ዜና ስነግራት ራሷን ነቀነቀች፤ ይህ ሕመም የሚከፋው ብዙ ጊዜ ትኩሳቱ ሲወርድ ነው፤ ደም መታየት ከጀመረ ሰው አጠገብ፣ ሐኪም እጅ ላይ መሆን አለበት አለች። አንተ ተኝተህ ባሕር እያየህ ነው።

ከዚያ ወደ ዘይነብ ቤት ሄድሁ፤ ደብዳቤውን እንዳነብላት ሳይሆን መልስ እንድትልክልኝ። በሯ ላይ ሪድዋንን ተቀምጦ አገኘሁት።

በገና ዋዜማ ነው የገባው። አንገቱ ቀጥኗል፤ የለበሰው ሸሚዝ የሌላ ሰው ይመስላል። ሲያየኝ ተነሥቶ ትከሻዬን ሳመና «ጋሼ ሞላልኝ፣ ትኬት ሳልቆርጥ በአውሮፕላን መጣሁ። እንደኔ የተከበረ እንግዳ አይተው ያውቃሉ?» አለኝ።

«ዝም በል፣ አንተ ቀልማዳ» አለች ዘይነብ። ይህን ስትለው ግን እጅጌውን ይዛ ነበር፤ እኔ እስክወጣ ድረስም አልለቀቀችውም።

«ዋሲሁን ለዕረፍት ባሕር ጠረፍ ሄዷል» አልሁት። «ተራራው ይሻለዋል ብዬ ጽፌለት ነበር፤ ፈይፋ። እምቢ አለኝ» አልሁት።

ቀልዱ ከፊቱ ላይ ወረደ። «ጋሼ፣ እኛ ያንን ተራራ ለዕረፍት አልወጣነውም። የመጣነው በዚያ ነው፤ በእግር፣ ድንበር ጥሰን። ሸሪፍን ያስታውሱታል? የሐሰን ጎሹን ልጅ? ሌሊት እግሩ ከዳው፤ ገደል ገባ። ዋሲሁን ሲነጋ ወርዶ ሊያወጣው ሞከረ። አልተቻለም። ድንጋይ ከምረንበት ተነሣን።»

እኔ ለልጁ ኩታበርን የሚመስል ቦታ መረጥሁለት ብዬ ነበር።

ከዚህ በኋላ መጠየቅ አላስፈለገኝም፤ ሪድዋን ግን ራሱ ቀጠለ። ሐራጁ ላይ ተይዞ የመመለሻ እስር ቤት ውስጥ እንደ ሰነበተ፣ በጎን ካልሆነ በጀርባ መተኛት እንዳልነበረ፣ ውኃ ለመቅዳት ሰልፍ እንደነበረ ነገረኝ። ያንን ቦታ ልክ ነው ብዬ አላቆንጅልህም፤ እሱም አላቆነጀልኝም። በኋላ ግን «እዚያ አንድ ሐኪም ደሜን ቀዳልኝ። ወባ ነበረኝ፤ መድኃኒት ሰጠኝ። ሳብያ እያለሁ ማንም ደሜን አላየም። እኔና ዋሲሁን ሐኪም ቤት ደጃፍ ድረስ ሄደን የተመለስነው ስንት ጊዜ ነው!» አለኝ።

ሦስት ጊዜ የጠየቅሁህ ጥያቄ መልስ ያጣው ለዚህ ነበር።

መጋዘንም፣ ኮንትራትም፣ ኢቃማ የሚሉት የመኖሪያ ፈቃድም እንደሌለህ አሁን አውቃለሁ። ስለዚህ ነገር አንድ ቃል አልጽፍም፤ ለወቀሳ ጊዜ የለኝም። እኔ ሁሉን አመዛዝኜ ነበር፤ ነፋሱን፣ ጭቃውን፣ ጨዉን፣ የአባቴን ሕግ ሁሉ። አጎበርህን እንኳ ከራስህ ላይ አስነሥቼ ውኃ ላይ አስሬዋለሁ። አንተ የምትመዝነውን ግን ሳትነግረኝ ቀረህ፤ አንተ በሽታን ሳይሆን መያዝን ነበር የምትሸሸው። ጸጥ ያለ ቦታ የመረጥኸው ለዚያ ነው። ጸጥ ያለው ቦታ ደግሞ ሰው ቢጣራ የማይሰማበት ነው።

እንግዲህ ስማኝ። ይህ ወረቀት በደረሰህ ሰዓት ተነሥ። የሩዙን ድስት ተወው፣ አሸዋውን ተወው። መራመድ ከቻልህ ወደ አስፋልቱ ውጣ፤ ካልቻልህ ለአቡ ጣሂር ደውልና «አልሞትብህም፣ ግን ውሰደኝ» በለው። የተገኘው መኪና ወደሚወስድህ ሐኪም ቤት ግባ። ትክክለኛ ስምህን ንገራቸው። ቢያክሙህ ታከም፤ ቢይዙህ ተያዝ። ውኃ በብዛት ጠጣ። ኩላሊቴ ነው፣ ሆዴ ነው አትበል፤ ድዴ ደማ በል፣ ክንድህን አሳያቸው።

ለእናቴ አይንገሯት ብለኸኛል። ልታዘዝህ አስቤ ነበር። ከዘይነብ ቤት ስመለስ ግን ጥሩዬ በደጁ ቆማ ጠበቀችኝ። ሪድዋን መምጣቱን ሰምታለች፤ «የእኔስ?» አለችኝ። ፊቴን አይታ «ታሟል ወይስ ታስሯል?» አለችኝ። ታሟል አልኋት። ሰው የሌለበት ቦታ መሆኑን፣ ሐኪም ቤት ከሄደ ሊይዙት እንደሚችሉ፣ ለዚያ ብሎ እንደተደበቀ ነገርኋት። ከዚያም እንዲህ አለች፤ እንዳለችው እጽፍልሃለሁ፦

«ይያዝ። ለታሰረ ልጅ ስንቅ ይቋጠርለታል። አፈር ለለበሰውስ ምን እቋጥራለሁ?»

ከዚያ ወደ ጓዳ ገብታ ሽንብራ ስትለቅም ሰማኋት። ስትመጣ የምትበላው እንዲሆን ነው፤ ከየት እንደምትመጣ አላሰበችም።

ተይዘህ ብትመጣ መንገዱ ክፍት ከሆነ እስከ አዲስ አበባ ወርጄ እቀበልሃለሁ፤ ከተዘጋም ደሴ ድረስ በእግሬ እወርዳለሁ። ሪድዋን አብሬዎት እሄዳለሁ ብሎኛል፤ «ጋሼን ካልያዝኋቸው አየር ማረፊያው ላይ የማስታወቂያውን ጽሑፍ ሲያርሙ ይውላሉ» አለ። እናቱ መታችው።

መልስህን እስከ እሑድ፣ ጥር 4 ቀን ድረስ በጽሑፍ እንድትልክልኝ እጠይቅሃለሁ። ረጅም አይሁን። እጅህ ካልታዘዘልህ ነርስ ወይም ዘበኛ፣ አጠገብህ ያለ ማንም ሰው ይጻፍልህ፤ በዐረብኛም ቢሆን ግድ የለኝም፣ የሚያነብልኝ ሪድዋን አለ። አንድ መስመር ይበቃኛል፤ ደምህ የታየበትን ቦታ ስም ጻፍልኝ።

አጎትህ ሞላልኝ